ውዳሴ ጢስ እሳት

እሳት ላነጠፈው ድንጋይ፣ ውኃ ለመረጠው ገደል፣ ደመና ለተጠመጠመበት ተራራ የሚገባውን ምስጋና ላቀርብ ተነሥቻለሁ። ምስጋናዬን ግን ከፏፏቴው አልጀምርም። ሙሽራን የሚያሞግስ አስቀድሞ የእናት የአባቷን ደጅ ይሳለማል፤ ወራጅን የሚያወድስም ከምንጩ ይነሣል። ስለዚህ ጢስ እሳት ከመድረሴ በፊት ደብረ ታቦር ላይ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሬ፣ ለጉና እጅ እነሣለሁ።

ደብረ ታቦር ሆይ፣ ስምሽ ተራራ ነው፤ ክብርሽም ተራራ ነው። ጌታ በብርሃን የተለወጠበት የገሊላው ታቦር ስሙን አውሶሻል፤ በዓሉም ነሐሴ 13 ቀን ሲውል አገሩ ሁሉ ስምሽን ይጠራል። ችቦ በየደጁ ይበራል፤ ጅራፍ በየሜዳው ይጮኻል፤ ሙልሙል ለየልጁ ይታደላል። ዝናሙ ገና አላባራም፣ ምድሩ ውኃ ጠጥቶ ጠግቧል፤ ልጆች ግን በብርሃን በዓል የክረምቱን መሸኛ ያውጃሉ። ከባሕር ወለል ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብለሽ ተቀምጠሽ፣ የየጁው ራስ ጉግሣ ከቆረቆሩሽ ጀምሮ መሳፍንትም ነገሥታትም ድንኳናቸውን ተክለውብሻል። ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻቸው አድርገውሻል፤ ዐፄ ዮሐንስም ግብር አብልተውብሻል። የዘውድሽን ታሪክ ለባለ ታሪኮቹ ልተወውና እኔ ዛሬ እሳትሽን ላንሣ።

ከከተማይቱ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። በዚያች ጉብታ ላይ የቴዎድሮስ ሠራተኞች፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎችና የአገሬው ልጆች አንድ ላይ ሆነው፣ ምድጃ አቁመው ነሐስ አቀለጡ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያ ምድጃ ወጣ፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደል እየተናደለት፣ ዳገት እየተቆረጠለት፣ በሰው ክንድ እየተሳበ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሰ። እነዚያ ክንዶች መንገድ ሲያወጡ የታገሉት ጥቁር ድንጋይ፣ እርሱም በዘመኑ እንደዚያ ነሐስ ቀልጦ የፈሰሰ ነበር። የጋፋት ምድጃ ለንጉሡ መድፍ ሰጠው። ከሰው ልጅ መፈጠር በፊት የነደደው የምድር ምድጃ ግን ደጋውን ሰጠን፤ ገብሱን፣ ምንጩን፣ አየሩን፣ አገሩን።

ስለዚያ ምድጃ ጥቂት ልናገር፤ የሚወደስ ነገር ትውልዱ ሊታወቅ ይገባልና። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሰሜን ኢትዮጵያ ምድር ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ የወጣው ቅልጥ ዓለት እንደ ክረምት ጎርፍ ሜዳውን አለበሰው፤ ረግቶ ሲደነድን ሌላ ፈሰሰበት፤ እርሱም ሲረጋ ሌላ ተደረበበት። በአንዳንድ ስፍራ ንብርብሩ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ደረሰ። በዚህ ወለል ላይ ኋላ ታላላቅ እሳተ ገሞራዎች በየተራ ተነሡ፤ በመጀመሪያ ስሜን፣ ቀጥሎ ጮቄ፣ ከእነርሱም ብዙ ቆይቶ ጉና። ጉና ለእነዚያ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዕድሜው ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ይቆጠራል። የመሬት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ተራራ ጋሻ ብለው ይጠሩታል፤ ቅልጡ ቀጠን ብሎ በዙሪያው እየፈሰሰ ስለሚረጋ፣ በጀርባው የተጋደመ ጋሻ ይመስላልና። የጎንደር ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ጋሻውን መሬት ላይ ጥሎ ያረፈ አርበኛ በዓይኑ ይመጣበታል።

ወደ ጉና የወጣሁት በመስከረም ነው። የቻይና መንገድ እየተባለ በሚጠራው ጎዳና ከደብረ ታቦር ተነሥቼ ክምር ድንጋይ ላይ ወረድሁ። ክምር ድንጋይ! ይህን ስም ያወጣው ሰው የሥነ ምድር ትምህርት አልተማረም፤ ሆኖም ምሁሩ በብዙ ገጽ የሚያትተውን በሁለት ቃል ጨርሶታል። በዚያው ጎዳና ወደፊት ቢዘልቁ ነፋስ መውጫ ይገኛል፤ ወደ ዓባይ ቢወርዱ ጢስ እሳት። የበጌምድር ሰው ለአገሩ ስም ሲያወጣ አያጌጥም፤ ያየውን ይናገራል። ያየው ነገር ራሱ ቅኔ ስለሆነ ስሙም ቅኔ ሆኖ ይቀራል።

የመሩኝ የአገሬው አዛውንት ነበሩ። በርኖስ ደርበዋል፤ ዱላቸውን በጫንቃቸው አጋድመው ሁለት እጃቸውን ሰቅለውበታል። ገብሱ ግራና ቀኝ እየተዘናፈለ፣ የድንቹ ማሳ በጤዛ እያበራ፣ ፊት ፊቴ ይሄዳሉ። እርምጃቸው አይፈጥንም፤ አይቆምምም። እኔ በየመቶ እርምጃው ልቤ ይደልቃል።

«አባባ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉልኝ» አልኋቸው።

ቆሙ። ዘወር ብለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አይዞህ ልጄ። ጉና በጉልበት አይወጣም፣ በትንፋሽ ነው። ትንፋሽህን አስቀድም፤ እግርህ ይከተላል።»

ከዚያች ቃል በኋላ ዳገቱ ዳገት ሆኖ ቢቀርም አቀበቱን መጥላት ተውሁ። የእርሻው ጠርዝ አለቀና አስታው መጣ፤ አስታው አለቀና ጓሳው መጣ። ጅብራው በጓሳው መካከል እንደ መቋሚያ የያዘ ካህን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለት እረኞች ገሳቸውን ደፍተው ከድንጋይ ጥግ ተጠልለው ነበር፤ ሰላም አልናቸው፤ ቆሎ ዘገኑልን። ነፋሱ ጭጋጉን አንድ ጊዜ ይከምረዋል፣ አንድ ጊዜ ይገልጠዋል። ጭጋጉ ሲገለጥ በምዕራብ በኩል በሩቅ ብር የመሰለ ነገር አብረቀረቀ። አዛውንቱ ዱላቸውን ከጫንቃቸው አውርደው አመለከቱኝ። «ጣና ነው። የእኛ ውኃ ሁሉ እዚያ ነው የሚገባ።»

የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አንዲት ቁራጭ ድንጋይ አነሣሁ። ከዕንቁላል ተለቅ፣ ከጡጫ አነስ ያለች፣ ጥቁር። አገላብጬ ሳያት ገላዋ በጥቃቅን ቀዳዳ ተሞልቷል። ይህን መልክ እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ የእንጀራ ዓይን ነው። ሊጡ የጋለው ምጣድ ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያለው አየር ሊያመልጥ እየፈነዳ ዓይን ያወጣል፤ ቅልጡ ዓለትም ከምድር ሆድ ሲወጣ ያረገዘውን ትንፋሽ ለቀቀ፤ ትንፋሹ ሳያልቅ ድንጋዩ ረጋበትና ዓይኑ እንደተከፈተ ቀረ። ድንጋይቱን በኪሴ ከተትኋት። ይህችን ድንጋይ በኋላ እናገኛታለን።

የመልክእ ደራሲ ከራስ ጠጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ለእያንዳንዱ አካል ሰላምታ ያቀርባል። እኔም የአባቶችን ሥርዓት ተከትዬ በጉና ፊት እንዲህ እላለሁ። ሰላም ለራስህ፣ ውርጭ ለሚቀባው፣ ጉም ለሚጠመጥመው። ሰላም ለግንባርህ፣ የንጋትን ፀሐይ ከቆላው ሁሉ ቀድሞ ለሚቀበለው። ሰላም ለጆሮህ፣ የእረኛን ዋሽንት ሰምቶ ለማይጠግበው። ሰላም ለትከሻህ፣ ገብስ ለሚያሸትበት። ሰላም ለደረትህ፣ ርብና ጉማራ ለሚፈልቁበት። ሰላም ለወገብህ፣ ጓሳ ለታጠቀው፣ ጅብራ ለዘቦለት። ሰላም ለጉልበትህ፣ ዘመን ላላንበረከከው። ሰላም ለእግሮችህ፣ ፎገራን ተሻግረው ጣና ውስጥ ለተነከሩት። አንተ ጠጥተህ የምታጠጣ፣ ለብሰህ የምታለብስ፣ በእሳት ተወልደህ በውኃ የምትመግብ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ።

ዝናም ጉና ላይ ሲወርድ በአንድ ጊዜ አይሮጥም። ጓሳው ይቀበለዋል፤ ሥሩ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ይሸሽገዋል፤ የተሰነጣጠቀው ድንጋይ ይውጠዋል። ከዚያ ከየጥጉ እየነጠረ፣ አንዱ ከአንዱ እየተቀላቀለ፣ ርብና ጉማራ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ሆኖ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። ጉማራ በደራ በኩል ሲያልፍ የዋንዛዬን ፍል ውኃ ይጎበኛል። ሕመምተኛው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚታጠብበት ያ ሙቀት፣ ምድጃው ጨርሶ እንዳልቀዘቀዘ ምልክት ነው። ከዚያ ወንዙ ፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረጋል፤ ሩዙ ይጠጣዋል፤ በወተታቸው የታወቁት የፎገራ ላሞች ከዳርቻው ይግጣሉ። ከወረታ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው አስፋልት የጉማራን ድልድይ ሲሻገሩ ወንዙ የቡና ዝቃጭ መልክ ይዞ ይታያል። ያ ቀለም የጉና አፈር ነው። አውቶቡሱ በአንድ አፍታ ያልፈዋል፤ እኔ ግን በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ እንደ ወዳጅ ሸኘሁት።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከወንዞች ከሚገባለት ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን አራት ወንዞች ያመጡለታል፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ። ከአራቱ ሁለቱ የጉና ልጆች ናቸው። ሐይቁ እንዴት ሐይቅ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አሁንም እሳት ነው። በመሬት ታሪክ ሚዛን ትናንት በሚባል ዘመን፣ በደቡብ በኩል ቅልጥ ዓለት ፈስሶ የውኃውን መውጫ ዘጋበት። ውኃው ተሰበሰበ፣ ጠበቀ፣ ሞላ። ከሞላ በኋላ ዝቅ ያለችውን ከንፈር አግኝቶ ወጣ፤ የእሳቱን ድንጋይ ረግጦ፣ የእሳቱን ድንጋይ እየጠረበ ወረደ። ዓባይ የሚባለው ያኔ ነው። ወርዶ ወርዶ ድንጋዩ ድንገት በሚያልቅበት ስፍራ ራሱን ወደ ገደል ወረወረ።

እዚያ ነው የምወስዳችሁ። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ከተማ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። ከዚያ በኋላ መኪና ያቆማል፤ እግር ይረከባል።

መንገዱ በመንደሩ መካከል አልፎ ወደ ገደሉ ይወርዳል። በደረቅ ወራት አቧራ፣ በመስከረም ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ሥር ያ ጥቁር ድንጋይ እንደ ጉልበት አጥንት ብቅ ብቅ ይላል። የአሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከኋላዬ ሮጦ ደረሰብኝ። ባዶ እግሩን ነው። ብብቱ ሥር ሦስት ዱላ ይዟል፤ አንዱን መዘዘልኝ።

«ጋሼ፣ ዱላ ይያዙ። ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ተቀበልሁት። ያንን ልጅ በዚህ ውዳሴ ውስጥ ከነገሥታቱ ጎን አቆመዋለሁ። እንግዳ ሳይወድቅ ለመድረሱ ቀድሞ የሚያስብ ሰው ክብር ይገባዋል።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ የአላታ ድልድይ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1626፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ ተሠራ። ከሥሩ ዓባይ ጠባብ ገደል ውስጥ ገብቶ ያጓራል፤ ያ ሰፊ ወንዝ እዚህ ወገቡን ታጥቆ ቀጭን ይሆናል። አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ገበያተኛው፣ አህያው፣ ሙሽራው፣ ለቅሶ ደራሹ በዚህ ጀርባ ላይ ተመላልሷል። ድልድዩን ሲሻገሩ ጎጃምን ከኋላ ትተው በጌምድርን ይረግጣሉ፤ ጉና የላከው ውኃ ወደ ጉና አገር ጫፍ ተመልሶ ይጠብቅዎታል። መሐንዲሶቹ ቅስቱን ያቆሙበት ድንጋይና ቅስቱ ራሱ ከአንድ ዘር ናቸው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም የእሳት ልጆች። ለዚህ ይሆናል ድልድዩ ከገደሉ የበቀለ እንጂ የተሠራ የማይመስለው።

ከድልድዩ በኋላ አቀበት ነው። እናቶች ከየጎጇቸው ደጅ ጀበና ጥደው፣ ጠባብ አንገት ያለውን የቅል ዕቃና በእጅ የተሸመነውን ኩታ ዘርግተው ተቀምጠዋል። «እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ» ስል «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አረፍ በል እንጂ» ይላሉ። አላረፍሁም፤ ድምፁ እየጠራኝ ነበር። በመጀመሪያ ድምፁ የሚሰማው ከጆሮ ይልቅ በእግር መዳፍ ነው። መሬቱ ውስጥ ውስጡን ይደልቃል፤ የሩቅ ከበሮ ይመስላል። ቀጥሎ አየሩ ይረጥባል። ቀጥሎ ጋቢው ላይ ጥቃቅን የውኃ ነጥቦች እንደ ጤዛ ይደረደራሉ፤ እያንዳንዷ ነጥብ በክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ፋኖስ ትመስላለች። ከዚያ መንገዱ ይታጠፍና፣ አለ።

ምን ልበል? ቃል እዚህ ላይ ጫማውን ያወልቃል። ክረምቱ በሞላ ጊዜ የጢስ እሳት ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል፤ ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ነው። ውኃው ከአፋፉ ሲነሣ ቡናማ ነው፤ መካከል ላይ ሲደርስ ነጭ ይሆናል፤ ታች ሲደርስ ውኃነቱን ትቶ ጢስ ሆኖ ይነሣል። ፀሐይ ከጀርባዎ ስትሆን የማርያም መቀነት ጢሱ ውስጥ ይዘረጋል፤ አንዳንዴም ሁለት ሆኖ። ከውኃው ጎን የሚታየው ገደል ጥቁር ነው፤ ቅልጡ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ እየተሰነጠቀ ዓምድ ዓምድ ሆኗል። ከዓምዶቹ ሥር የሚበቅለው ሣርና ዛፍ በጢሱ እየራሰ አረንጓዴው ይደምቃል። ተንጠልጣዩን ድልድይ ተሻግሬ እስከ ግርጌው ወረድሁ። ልጁ እጄን ይዞኝ ነበር፤ መነጋገር አልቻልንም፤ ድምፁ ሁሉንም ድምፅ ውጦታል።

እዚያ ቆሜ የጉናዋን ድንጋይ ከኪሴ አወጣሁና ወደ ጢሱ እጄን ዘረጋሁ። ወዲያው ዓይኖቿ ሁሉ ውኃ ሞሉ። ከእርሷ ሥር የፈለቀው ዝናም በጉማራ ወርዶ፣ ጣናን ዞሮ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ እዚህ መዳፌ ላይ አገኛት። እግሬ ሥር የነበረው ድንጋይም ያው ዓይናማ ጥቁር ነው፤ ከእርሷ በሚሊዮን ዓመታት ያነሰ ታናሽ ወንድም። እሳት ሁለት ጊዜ ወልዷል፤ አንዱ ልጅ ውኃውን ላከው፤ ሌላው ተቀብሎ ጣለው። ይህን መናገር ነበር የፈለግሁት። ጢስ እሳት የሚለውን ስም ያወጡ አባቶች ከገደሉ የሚነሣውን ጉም ጢስ ብለው፣ ጢስ ካለ እሳት አይጠፋም ብለው ይሆናል። ቃላቸው ከዓይናቸው በላይ እውነት ሆነ፤ ከጢሱ ሥር በእውነት እሳት ነበር።

ይህ ገደል በረኛም ነው። ከታች የሚመጣ ዓሣ ይህን ግንብ አይወጣውም፤ ስለዚህ በጣና የሚኖሩት ዓሦች ከዓለም ተለይተው በራሳቸው መንገድ ተዋለዱ። ሊቃውንት ላቤኦባርቡስ ከሚሏቸው ዓሦች መካከል 15 ያህል ዝርያዎች ከጣና በቀር በየትም አገር አይገኙም። ከእነርሱም ብዙዎቹ ዕንቁላላቸውን ሊጥሉ ሲሹ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ይወጣሉ፤ ጠጠሩ የጠራበት፣ ውኃው የቀዘቀዘበት ድረስ። ጉና ያጠጣቸዋል፤ ጢስ እሳት በር ይዘጋላቸዋል። እነዚህ ዓሦች በዘመናቸው ሁሉ በሁለት የእሳት ተራዳዎች መካከል ይኖራሉ፤ እኛም አጠገባቸው ሆነን ስማቸውን እንኳ አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1770 ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እዚህ ደርሶ ተደንቋል፤ ከእርሱም በፊት የፖርቱጋል ሚሲዮናውያን አይተውት ጽፈዋል። በአፍሪቃ ደቡባዊ ክፍል በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለውን ታላቅ ፏፏቴ የአገሬው ሰዎች ሞሲ ኦአ ቱንያ ይሉታል፤ የሚያጓራው ጢስ ማለት ነው። ሁለት ሕዝቦች፣ ሳይተዋወቁ፣ ከውኃ ውስጥ ጢስ አዩ። እኛም ይህን ፏፏቴ ሳናውቀው ለብዙ ዘመን በኪሳችን ይዘነው ዞረናል። የአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ትዝ ይላችኋል? በፊት ለፊቱ የልጅ ፊት፣ በጀርባው ጢስ እሳት ነበረ። በላብ ረጥቦ፣ በገበያ ተጣጥፎ፣ ጠርዙ ተቀዳዶ፣ ውኃው ግን በዚያ ቁራጭ ወረቀት ላይ መውረዱን አላቋረጠም። ደረሰኝ እንደሚታጠፍ አራት እጥፍ ያጠፍነው እርሱን ነው።

ምስጋናን ሐዘን ሳይነካው ላቀርብ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1964 ከፏፏቴው አጠገብ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተተከለ፤ በ1996 የጨረጨራ ግድብ ሐይቁ አፍ ላይ ቆመ፤ በ2001 ሁለተኛውና ታላቁ ማመንጫ ተጨመረ። ውኃው በቦይ ተመርቶ ወደ ተርባይን ገባ፤ ተርባይኑ ወደ ብርሃን ለወጠው። የእሳት ድንጋይ ላይ የወረደው ውኃ ዳግመኛ እሳት ሆነ። ይህን እንደ ውርደት አልቆጥረውም፤ በጨለማ ያጠናና በፋኖስ ጢስ ዓይኑ የነደደ ሰው ለአምፖል ያለውን አክብሮት አውቃለሁና። እ.ኤ.አ. በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ፏፏቴው ትንፋሽ ያገኘባቸው ቀናት አሉ። ነገር ግን በበጋ የመጣ እንግዳ ያን ሁሉ ገደል ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ ላብ አፍስሶ፣ ጥቁሩ ግንብ ላይ እንደ ነጠላ ክር የቀጠነች ውኃ ብቻ የሚያይበት ቀን ብዙ ነው። ዘውዱን አውልቆ የተቀመጠ ንጉሥ ያሳዝናል። ውኃውን የምትመጥኑ እጆች ሆይ፣ ለብርሃኑ ስትመድቡ ለጢሱም መድቡለት። ጉና ላይ ያላችሁ ደግሞ ጓሳውን አትረሱት፤ እርሻው ወደ ጫፉ በወጣ ቁጥር ዝናሙ ማረፊያ ያጣል፤ ማረፊያ ያጣ ዝናምም አፈሩን ይዞ ይጠፋል። አስታውን ቆርጠን የምናነድደው ማገዶ የጣናን ዓሣና የጢስ እሳትን ጢስ አብሮ ያነድዳል።

እንግዲህ ሰላም ለአንተ፣ ጢስ እሳት። ሰላም ለአፋፍህ፣ ለማይደክመው። ሰላም ለጉሮሮህ፣ ሌሊትና ቀን ለማይዘጋው። ሰላም ለጢስህ፣ በፀሐይ ፊት መቀነት ለሚፈትለው። ሰላም ለድንጋይህ፣ እሳት ጋግሮ ለውኃ ላቀረበው። ካንተ በታች የሚሄደው ውኃ አገሩን ዞሮ፣ ገደሉን አቋርጦ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተሰብስቦ፣ ከዚያም ወደ በረሃ ይወጣል። የበረሃው ሕዝብ ስምህን አያውቅ ይሆናል፤ ውኃህን ግን ይጠጣል።

አንባቢ ሆይ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ቡሄን ደብረ ታቦር ላይ አክብረህ፣ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሳይረግፍ ተነሥ። በመጀመሪያ ጉና ውጣ፤ ምንጩን ሳታይ ፏፏቴውን አትይ። ትንፋሽህን አስቀድም። ከዚያ በጉማራ በኩል ውረድ፤ ጣናን በቀኝህ አድርገህ፣ ጢስ ዓባይ ከተማ ስትደርስ ከመኪናው ውረድና በእግርህ ሂድ። ከድልድዩ ማዶ ጀበና የጣዱትን እናቶች ሰላም በላቸው፤ እኔ ያላረፍሁትን አንተ እረፍ። ባዶ እግሩን ሮጦ የሚከተልህን ልጅ አታባርረው። የሚሰጥህን ዱላ ያዝ፤ ድንጋዩ ያዳልጣል።